ከቴፑ ጀርባ ያለችው ሽቦ

ጠጋ በሉ። ይህ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ባሌ ሮቤ ላይ ጋራዥ ከጋራዥ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ከቆርቆሮው ማዶ ያለው ባልደረባዬ ከሰማኝ ነገ ጠዋት ክሪክ አያበድረኝም።

ወሬው እንዲህ ነው። መኪናችሁ ቼክ ኢንጂን አብርቶ፣ ኮምፒዩተር አስደርጋችሁ፣ «ስፒድ ሴንሰሩ ሞቷል» ከተባላችሁ፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ ስክሪን ቴፕ አስገጥማችሁ ከነበረ፣ ብሩን ከኪሳችሁ ለማውጣት አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሴንሰሩ አልሞተም። ሰውዬው በሕይወት እያለ ነው ድንኳን የተተከለው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጎልማሳ ሾፌር ፕራዶ ይዘው መጡ። እንግዶች ጎባ አሳድረዋል፤ በማግስቱ ወደ ሳነቴ ሊወጡ ነው። ቢጫዋ መብራት በርታለች። ሞተሩም አደባባይ ላይ ፍሬን ይዘው ሊቆሙ ሲሉ ወደ ታች ይወርድና ሊጠፋ ይንገዳገዳል። ከሁለት ሳምንት በፊት ይኸው መብራት በርቶባቸው፣ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ አዲስ ሴንሰር ተገዝቶ ተቀይሮላቸዋል። አሁን ዲንሾ ሲደርሱ ተመልሶ በራ።

«ጋሼ፣ መብራቱ መጀመሪያ ከመምጣቱ በፊት መኪናው ላይ ምን ተነካ?» አልኳቸው።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አልተነካም ስልህ! ቴፕ ብቻ ነው ያስገጠምኩት።»

«ቴፕ ብቻ።» ይህቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! ሰው ቴፕ ማስገጠምን መጋረጃ እንደ መስቀል ነው የሚቆጥረው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን መኪና ማሳመር በርትቷል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው ባለችው መኪና ትልቅ ስክሪን ይለጥፍባታል። እኔም እገጥማለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ግን ከዚያ ስክሪን ጀርባ መኪናው ራሱ የሚኖርባት አንዲት ሽቦ አለች።

ነገሩ ከመሠረቱ ቀላል ነው። ካምቢዮው ላይ የተተከለው ሴንሰር ጎማው በዞረ ቁጥር ምት ይልካል። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ምቱ መጀመሪያ የሚሄደው ፍጥነት ወደሚያሳየው ጌጅ ነው። ጌጁ አስተካክሎ በሌላ ሽቦ ለሞተሩ ኮምፒዩተር ያስተላልፋል፤ የዚያችው ሽቦ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ ቴፑ ስፒና (መሰኪያ) ትመጣለች። የምቱ ቁጥር የዘመነ ገመድ ውርስ ነው። ድሮ ጌጁን የሚያዞረው የብረት ገመድ ነበር፤ በጃፓኖቹ ደረጃ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ገመዱ በደቂቃ 637 ጊዜ ይዞራል። ገመዱ ቀርቶ ሴንሰር ሲመጣ ቁጥሩ አልተቀየረም፤ በአንድ ዙር አራት ምት ሆነና በኪሎ ሜትር 2,548 ምት ላይ ቆመ። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎባ እስክትደርሱ ከ35,000 በላይ ምት በዚያች ቀጭን ሽቦ ያልፋል ማለት ነው።

ሽቦዋ የምትሠራው እንደ ደወል ገመድ ነው። ኮምፒዩተሩ በራሱ በኩል አምስት ቮልት ግድም (እንደ መኪናው አሥራ ሁለትም ይሆናል) ሰጥቶ ወጥሮ ይይዛታል፤ ጌጁ ደግሞ ወደ ማሳ፣ ማለትም ወደ መኪናው አካል ብረት፣ ይስባታል፣ ይለቃታል፣ ይስባታል፣ ይለቃታል። ያ ነው ምቱ። አሁን አንድ ሰው መጥቶ የገመዱን ጫፍ ካስማ ላይ ቢያስረውስ? ደዋዩ እጁ እስኪላጥ ቢስብ ደወሉ አይሰማም። ኮምፒዩተሩ ያን ጊዜ ፒ0500 የሚለውን ኮድ ያወጣል፣ ማሽኑ ስክሪን ላይ «የፍጥነት ሴንሰር» ይላል፣ እኛም ደዋዩን እንቀብራለን። ኮዱ ግን የሚለው «የፍጥነት ምልክቱ አልደረሰኝም» ብቻ ነው። ማን እንዳስቀረበት አያውቅም። ኮድ አንባቢ ማሽን ይዞ የሚዞር ሁሉ ይህን አይነግራችሁም፤ ሴንሰር መሸጥ ሽቦ ከመፈለግ ይቀላል።

እሺ፣ ገመዱን ካስማ ላይ የሚያስረው ማነው? ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ሾፌሩ እየነዳ ክሊፕ ማየት ይፈልጋል። ነገሩ በሙሉ ከዚህ ይጀምራል። ናቪጌሽን ያላቸው ቴፖች መኪናው ሲንቀሳቀስ ቪዲዮ ይዘጋሉ፤ መቆሙን የሚያውቁት በእጅ ፍሬኗ ሽቦና በፍጥነቷ ሽቦ ነው። ገጣሚው ይህን ያውቃል። የእጅ ፍሬኗን ሽቦ ማሳ ላይ ያስራታል፤ ቴፑ ሁልጊዜ ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል። አንዳንዱ ቴፕ በዚህ አይታለልም። ያን ጊዜ ገጣሚው የፍጥነቷንም ሽቦ ልጦ እዚያው ጥቁሯ የማሳ ሽቦ ላይ ይጠመዝዛታል። ከመኪናው ቆርጦ ቢሆን ጉዳቱ ለካርታው ብቻ በሆነ ነበር። ሳይቆርጥ ሲያስራት ግን የቴፑን ብቻ አይደለም፣ የመኪናውንም ጆሮ ደፈነ። ቪዲዮው ይከፈታል፣ ሾፌሩ ይደሰታል፣ ጉርሻም ይሰጣል።

በዚያ ቀን መብራት አይበራም። ሰውን የሚያሳስተውም ይኼ ነው። በብዙ ቶዮታዎች ኮምፒዩተሩ የመጀመሪያውን ቀን ጥፋት በልቡ ይይዛል እንጂ አይናገርም፤ ሞተር ጠፍቶ ተነሥቶ በሁለተኛው ጉዞ ሲደገምበት ነው መብራቱን የሚያበራው። ስለዚህ ቴፑ አዲስ አበባ ይገጠማል፣ መብራቱ ሻሸመኔን አልፎ፣ ዶዶላና አዳባን አልፎ፣ ዲንሾ ላይ ይበራል። ሾፌሩም «የባሌ መንገድ ሴንሰሬን መታው» ይላል። ጠጠር ላይ ይፈርዳል።

ሁለተኛው ደግሞ የእኛ የጋራዦቹ ጉድ ነው። ሴንሰሩ ተቀይሮ ካለቀ በኋላ ኮዱን በማሽን እናጠፋለን። መብራቱ ይጠፋል። ባለመኪናው ያያል፣ ያመሰግናል፣ ይከፍላል። መብራቱ የጠፋው ግን ኮዱ ስለጠፋ ነው፤ አሮጌውን ሴንሰር መልሰን ብንገጥምም ይጠፋ ነበር። ኮምፒዩተሩ እንደገና ሁለት ጉዞ እስኪቆጥር ድረስ እንግዳው ሌላ ከተማ ደርሷል። ሁሉም ጋራዥ ይህን በተንኮል ያደርገዋል አልልም። ብዙዎቻችን ራሳችንም መብራት ሲጠፋ የሠራን ስለሚመስለን ነው።

ወደ ፕራዶው ልመለስ። መጀመሪያ ጋሼን ጎን አስቀምጬ ግቢውን አንድ ዙር ዞርኩ፤ ዓይኔ ጌጁ ላይ ነው። ቀስቱ ተነሣ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት አለ። በሉ ይህቺን ያዙልኝ፣ ዋናዋ ናት። ሴንሰሩ ቢሞት ኖሮ ጌጁ አይነሣም ነበር፤ ምቱን መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነውና። ጌጁ እየሠራ ኮምፒዩተሩ «አልደረሰኝም» ካለ፣ ጥፋቱ ከጌጁ ወዲህ ነው ያለው፤ ከጌጁ ወዲህ ደግሞ ሰው እጁን የሚያስገባበት ቦታ የቴፑ ጀርባ ነው። መኪናው ገና አልተፈታም፣ የፍርዱ ግማሽ ግን ተሰጥቷል። አዲስ የተገዛው ሴንሰርና በከንቱ የተጣለው አሮጌው ሴንሰር ሁለቱም ንጹሐን ናቸው።

ሕጉ ለሁሉም መኪና አይሠራም፤ በአንዳንዱ ሴንሰሩ በቀጥታ ለሁሉም ያካፍላል፣ ያን ጊዜ ገመዱ ሲታሰር ጌጁም አብሮ ይሞታል። በአዳዲሶቹ ደግሞ ካምቢዮው ላይ ሴንሰር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ፍጥነቱ የሚሰላው ከአራቱ ጎማዎች የኤቢኤስ ሴንሰር ነው። በእኛ አገር ለቆዩት ቪትዝና ኮሮላ፣ ለፕራዶና ለሃይሉክስ ግን የጌጁ ፈተና ብዙ ድካም ያድናል።

ከዚያ ቴፑን አወጣሁት። ዙሪያውን ያለውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ መነቅነቅ የለም፤ ክሊፑ ይሰበርና ሕይወቱን ሙሉ ሲንጫጫ ይኖራል። አራቱ ብሎኖች ተፈቱ፤ ስክሪኑ ወጣ። ከጀርባው የነበረውን ብታዩ! የሽቦ ጎፈሬ። ሽቦ ከሽቦ በጥርስ ተልጦ፣ በጣት ተጠምዝዞ፣ ጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ሰማያዊ መንከሻ ክሊፕም አለ፤ ሽቦውን ሳይቆርጥ ይነክሳል ተብሎ የሚሸጠው። ይነክሳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን ክሮች አንዳንዱን በጥሶ ነው የሚነክሰው። ፕላስተሩን በጣቴ ስነካው ማጣበቂያው ሟሙቶ ተንሸራተተ። አይገርምም። ይህ መኪና በአንድ ቀን ከጎባ ተነሥቶ፣ 4,000 ሜትር ላይ ያለውን የሳነቴ ብርድ ተሻግሮ፣ ሀረና ጫካ ወርዶ፣ ደሎ መና ቆላ ይገባል። እንዲህ የሚበርድና የሚግል ፕላስተር የትም አይደርስም። በባሌ የሽቦ ብየዳ ቅንጦት አይደለም።

መቁረጫ አላነሣሁም። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፦ ዋናውን ስፒና ነቀልኩ። ቴፑ ጠፋ። ያለ ቴፕ የመኪናውን አንድ ጎማ በክሪክ አንሥቼ፣ ሌሎቹን በታኮ ይዤ፣ ቁልፍ ከፈትኩ። መልቲሜትሬን በፍጥነቷ ሽቦ ላይ አደረግኩና ረዳቴን ልጅ «ጎማውን ቀስ አድርገህ በእጅህ አዙር» አልኩት። አምስት ቮልት ግድም። ዜሮ። አምስት። ዜሮ። ደወሉ ይደውላል! አሁን ስፒናውን መልሼ ሰካሁ፦ ዜሮ። ልጁ አዞረ፤ ዜሮ። ደጋግሞ አዞረ፤ ዜሮ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው የመልቲሜትሩን መስታወት ያያሉ። የቁጥሩን ትርጉም ባያውቁም ነገሩ ገባቸው።

«ያን ሁሉ ብር…» አሉና ዝም አሉ።

በዜሮ ላይ የቆመ ሽቦ ማሳ ነክቷል ማለት ነው። አምስት ላይ ቆሞ የማይነቃነቅ ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ገመዱ አልታሰረም፣ ሳቢው ነው የጠፋው፤ ሽቦው ተቆርጧል ወይም በእርግጥም ሴንሰሩ ሄዷል። ያን ጊዜ ብቻ ነው ወደ ካምቢዮው የምትወርዱት። አንድ ምክር ልጨምር፦ ይህን በአምፖል መፈተሻ አትሞክሩ፣ ሲሞከርም ዝም ብላችሁ አትዩ። አምፖል ኃይል ይበላል፤ የሲግናል ሽቦ ለሰከንድ ቢነካ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ስስ ነገር ሊያቃጥል ይችላል። ዲጂታል መልቲሜትር የሌለው ኤሌክትሪሺያን ቴፑን እንዲፈታ አትፍቀዱለት።

ቀለምንም አትመኑ። «ቶዮታ ላይ የፍጥነት ሽቦ እንዲህ ያለ ቀለም ነው» ብሎ በስልክ የሚነግራችሁ ወዳጅ አይጠፋም። ሞዴሉ ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣል፤ ባለፉት ባለቤቶች እጅ ተቆርጦ የተቀጠለም ብዙ ነው። የምታምኑት ጎማው ሲዞር የሚዘል ቁጥርን ብቻ ነው።

ከቴፑ ጋር የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ፤ እሱን በፍጥነት ልለፈው። የኋላ ካሜራ ሲገጠም ኃይል የሚወስደው ከኋላ ማርሽ መብራት ነው። በቆዩት ቶዮታዎች የኋላ ማርሽ መብራትና ጌጁ አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። የካሜራዋ ሽቦ ቆርቆሮ ከነካ ፊውዙ ይቃጠላል፤ ጌጁ ይሞታል፣ የኋላ ማርሽ መብራትም ይሞታል። ሁለቱ በአንድ ቀን ከጠፉ ሴንሰር አትጠርጥሩ፤ ሽፋኑን ክፈቱና ጌጅ የሚለውን ፊውዝ እዩ። አንዲት ፊውዝ።

ዶልፊንና ቅጥቅጥ የምትነዱ ወንድሞቼ ደግሞ የእናንተ ይብሳል። የፍጥነት መገደቢያና ጂፒኤስ ሲገጠምላችሁ እነሱም ብዙ ጊዜ ከዚያችው ሽቦ ነው የሚጠጡት። በላዩ ላይ ስክሪን ሲጨመር ሦስተኛ ጠጪ መጣ። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይስባል፤ የሽቦዋ አምስት ቮልት ወደ ሦስት ይወርድና ኮምፒዩተሩ ከፊሉን ምት ይሰማል፣ ከፊሉን አይሰማም። መብራቱ አንድ ቀን ይበራል፣ ሁለት ቀን ይጠፋል። ይህ ከሞተ ሴንሰር ይከፋል፤ ጋራዥ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናላ! እንዲህ ሲሆን አንድ በአንድ መንቀል ነው፤ ቴፑን መጀመሪያ፣ መገደቢያውን ግን የገጠመው ሰው ይንቀለው፤ ማኅተም አለው፣ ጣጣ አለው።

አሁን የሹክሹክታዬን ፍሬ ልስጣችሁ። ያቺ ሽቦ ለቴፑ ባሌ ላይ አታስፈልገውም።

ናቪጌሽን የፍጥነት ሽቦ የሚፈልገው ሳተላይት ሲጠፋበት ነው። ቶኪዮ ረጅም የምድር ውስጥ መተላለፊያ አለ፤ ፎቅ በፎቅ የታጠረ ጠባብ መንገድ አለ። እዚያ ውስጥ ጂፒኤስ ሲታወር ቴፑ የጎማውን ምት እየቆጠረ «እስካሁን ይህን ያህል ሄደናል» ብሎ ይገምታል። ሮቤ ላይ ምን ይጋርደዋል? የስንዴ ማሳ? ሳነቴ ላይ ከጅብራ የሚረዝም ነገር አታገኙም፤ ሰማዩ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር ድረስ ክፍት ነው። ቦታ የሚያሳጣ ነገር ከተገኘ ሀረና ጫካ ነው፤ ዛፉ ገጥሞ፣ ጉም ወርዶ፣ መንገዱ ሲጠማዘዝ ካርታው አንዳንዴ ወደ ጎን ይዘላል። ያም ቢሆን ከጎባ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ አንድ ነው። የት ትጠፋላችሁ?

ከቻይና የሚመጡት አብዛኞቹ አንድሮይድ ቴፖች እንዲያውም ይህን ሽቦ አይጠቀሙበትም፤ ጂፒኤስ አንቴናቸው ይበቃቸዋል። ከስፒናው ጋር ስለመጣች ብቻ ትሰካለች፣ ከተሰካች በኋላ ደግሞ እጅ ይበላል። ስለዚህ ለሚመጣው ሁሉ የማደርገው አንድ ነው፦ ከመኪናው በኩል ያለውን ሽቦ የተላጠውን በየጄ፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ሸፍኜ እመልሰዋለሁ፤ ከቴፑ በኩል ያለውን ከስፒናው ላይ አውጥቼ ጫፉን አሽጌ ወደ ጎን አስረዋለሁ። ቆርጬ አልጥልም። ነገ ሌላ ሰው ሲከፍተው ምን እንደተደረገ ማየት አለበት።

የጋሼንም እንዲሁ አደረግኩ፤ ማሳ ላይ ታስራ የነበረችውን የእጅ ፍሬን ሽቦም ወደ ቦታዋ መለስኳት። ብየዳውን ስጨርስ መሽቷል፤ ሮቤ ከመሸ ጣት ያደነዝዛል። ኮዱን አጠፋሁ፣ ግን ገንዘብ አልተቀበልኩም። «ነገ ጠዋት ሁለቴ አጥፍተን አስነሥተን ጎባ ደርሰን ስንመለስ ይከፍሉኛል» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ የተጠራጠሩኝም መሰለኝ።

በማግስቱ ከሮቤ አደባባይ ስንነሣ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ዜሮ አደረግኩት። ጋሼ ነዱ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራ ቀኙ እርጥብ ስንዴ፣ ፊት ለፊት የተራራው ግድግዳ። ኮድ ማንበቢያዬን ሰክቼ የሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያየውን ፍጥነት ከጌጁ ጋር እያስተያየሁ ነበር። ስልሳ፣ ስልሳ። ሰባ፣ ሰባ። ከብት ሲሻገር ዜሮ፣ ዜሮ፤ ሞተሩም አልተንገዳገደም። ጎባ መግቢያ ላይ ቆጣሪው 14 አለ። ሞተር አጥፍተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ አስነሥተን ተመለስን። መብራት የለም።

ግቢዬ በር ላይ ሲያወርዱኝ ከፈሉኝ። ከዚያ ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አደረጉና አንድ ዘፈን ከፈቱ። ድምፁ መጣ፤ ምስሉ ጥቁር ነው።

«ክሊፑስ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩት። ዘፋኟ ብቅ አለች።

«ቆመው ይዩ፣ ጋሼ።»

ፍሬኑን መልሰው ለቀቁት። ዘፋኟ ጠፋች። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እንግዶቻቸው ነዱ።